ሲጠራ

ትሮንድሄም፤ የጥር ሌሊት፤ ዘጠኝ ሰዓት ግድም።
እኔ ሆስፒታሉ ምድር ቤት፤ አንድ ወንበር፣ አንድ መብራት፣ የአንዲት ልጅ ደም።
ሲግሩን ትባላለች፤ ከፍሮያ ደሴት ናት፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትቃዣለች፤
ግንባሯን የምታብሰውን እናቷን «ማነሽ አንቺ?» ትላለች።
ቆዳዋ ላይ ሐምራዊ ነጠብጣብ፣
ቁንጫ ሲፈነጭበት ያደረ ይመስል፣
ዓይኗ ቢጫ፣ ሽንቷ ጥቁር ሻይ የሚመስል።

ዶክተሩ ቱቦውን ሲሰጠኝ «ፕላዝማው ውስጥ አንድ ነገር አለ» አለኝ፤
ሌላ ቃል አልነበረውም፤ እኔም አልነበረኝ።

ጤነኛ አርጊ ህዋስ ያስፈልግ ነበር፤ በዚያ ሰዓት ማን ይሰጣል?
ክንዴን በጎማ አሰርኩ፤ የራስ ደም ለራስ ይታዘዛል።
አሽከረከርኩት፤ ቀዩ ዘቀጠ፤ ከላይ ቢጫ ጉም ቀረ።
አርጊ ዕድሜው ዐሥር ቀን ነው፤
ጠብ የሚማርበት ጊዜ የለውም፤
ተወልዶ፣ ዞሮ፣ ሳይጣላ ሞቶ የሚቀበረ።

መሣሪያው የሚያውቀው ብርሃን ብቻ ነው፤ ሌላ አይገባውም።
ድፍርስ ከሆነ ደህና ነው፤ ብርሃኑ ይደናቀፋል።
ከጠራ ግን፣ አይበጅም።

የልጅቷን ፕላዝማ ጠብ አደረግሁበት፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስተኛ ጠብታ፤
ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ቀጥ ብሎ ሄደ ለአፍታ፤
ከዚያ ጎበጠ። ከዚያ ሽቅብ ወጣ፤ ድምፅ እንደሌለው ጩኸት።
አርጊዎቼ ተጠራሩ።
የእኔዎቹ፣ ሠላሳ ስድስት ዓመት ከኔ ጋር በሰላም የከረሙት ዘር፣
የማያውቋት ልጅ ጠብታ ውስጥ እጅ ለእጅ ተያያዙ፤
ሲጠራሩ፣ ፈሳሹ ጠራ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር፤ ለሰው የተባለ ምክር ነው።
ከፀጉር በቀጠነ ሥር ውስጥ ያበረ ድር የሚያስረው
አንጎል ነው፣ ኩላሊት ነው፣ የእናት ስም ነው።
ቀይ ህዋሳት በዚያ ወንፊት ሊሾልኩ ሲታገሉ ይቀደዳሉ፤
በማይክሮስኮፕ አየኋቸው፤ ከጦርነት የተረፈ፣ የተሰበረ የራስ ቁር ይመስላሉ።

ንጋት ላይ ፕላዝማ ሰጧት፤ ስም የሌለው፣ ከበረዶ የቀለጠ፣
የሹፌር ይሁን የአስተማሪ፣ አንድ ሰው ሐሙስ ዕለት ለብስኩት ብሎ የሰጠ።
በማግስቱ ማታ «ዛሬ ምን ቀን ነው?» አለች።
እናቷ ቦርግሂልድ ደረጃው ላይ ያዘችኝ፤
«ልጄ ደም ውስጥ ምን አለ?» አለችኝ።
«አንድ ነገር» አልኳት። መዝገቡም ላይ የጻፍኩት ይህንኑ ነው፦
የሚያጣብቅ ነገር፤ ምንነቱ ያልታወቀ።

ከዚያ በኋላ በየሦስት ሳምንቱ በጀልባ ትመጣ ነበር፤ ሹራብ እየሠራች፣ ከረጢቱ እስኪያልቅ።
በየገናው በጋዜጣ የተጠቀለለ ደረቅ ዓሣ ከፍሮያ ይደርሰኝ ነበር።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው የተነገረኝ፤ ክሩ የሁላችንም ነው።
እኔም እፈትላለሁ፤ የሥሮቼ ግድግዳ ሌት ተቀን ይፈትለዋል፣ ረጅም፣ የሚያጣብቅ፤
ጤነኛው ግን መቀስ አለው፣
ገና ከመዘርጋቱ አሳጥሮ የሚቆርጥ።
እሷ ያለ መቀስ ተወለደች።
ስም የሌለው ሰው በከረጢት የላከላት መቀስ ነበር፤
እሱም አያውቅ፣ እኛም አናውቅ።

ታዲያ ምንም አልነበረም ለካ! ጎደሎን ነው «ነገር» ያልኩት።
አባቷ የመረብ ሰው ነበር፤ ወገቡ ላይ ቢላ የማይለየው፤
ገመድ እየተተረተረ ሲሄድ የሚቆርጠው ሲጠፋ ምን እንደሚሆን
ከእኔ ይልቅ እሱ ይገባው ነበር።

ለቦርግሂልድ ደብዳቤ ጀመርኩ፤ «ያን ሌሊት የነገርኩሽ ስህተት ነው» ብዬ።
አልጨረስኩትም። ዓሣው መምጣቱን ካቆመ ቆይቷል፤
አንድ ገና ቀረ፤ ቀጣዩም፤ ለምን ብዬ አልጠየቅሁም።

ወረቀቱ መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ ብዕሩ ሽቅብ የወጣበት።
ከጎኑ በእጄ ጽሑፍ አንድ ቃል፦ ጠራ።
ማንን እንደጠራ አልጻፍኩበት።