አልገጥም ያለ

አንማው አመጣው፣ በስኳር ኬሻ ጠቅልሎ፣
«የልጅነቴ ነው፣ ይነሣ ይሆን?» ብሎ።
ጎማው እንደ ድፎ፣ ቁመቱ እስከ ጉልበት፣
ሞተሩ ዝም ያለ፣ ሽቦውን አይጥ የበላበት፤
ቦዲው ግን የለም፤
የት እንደ ቀረ እሱም አያውቅም።

ሱቄ ቢቸና ነው፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣
ስልክ ሲሰበር፣ ራዲዮ ሲታፈን የሚገባ።
ሞተሩን በሁለት ቀን ነፍስ ዘራሁበት፣
ሽቦውን በሽቦ፣ ብየዳውን በብየዳ ተካሁበት፤
ሪሞቱን ስጫን ጎማው ሲሽከረከር
ሥራው ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ቦዲ ተገኘለት ከደብረ ማርቆስ፣
ከሌላ መኪና የወለቀ፣ ቀይ፣ ያረጀ ልብስ።
ፊቱን ስጫነው ኋላው ብድግ፣
መሪው ሲጠመዘዝ ጎማው ዝግ።
አራቱ ቀዳዳና አራቱ ምሰሶ
አይተያዩም፣ እንደ ወንድማማች የርስት ክፍፍል ደርሶ።

ቆረጥኩ። ሳላስብ ቆረጥኩ፤ ስሕተቴ ይህ ነው።
መቀስ ያስቸኮለው እጅ ኋላ ነው የሚያዝነው።
የቀኙን ፓራፋንጎ ሁለት ጣት አነሣሁ፤
አሁንም ይፈገፍጋል።
ሦስት አደረስኩት፤
አሁንም ይፈገፍጋል።

አባቴ ጥሩነህ ልብስ ሰፊ ነው፤
ሠላሳ ዓመት ገበያ ዳር ሲንጀር የረገጠው።
ዐይኑ ደክሟል አሁን፤ ከደጄ ፀሐይ ይሞቃል፣
የመቀስ ድምፅ ሲሰማ ግን ጆሮው ይነቃል።
«ማነው የሚቆርጠው?»
«እኔ ነኝ አባባ።»
«ለካሽ?»
«ለካሁ።»
«ልብሱን ነው፣ ወይስ ሰውየውን?»

ዝም አልኩ። እሱ ቀጠለ፦
«ኮት አሰፋኝ አንዴ፣ የደጀን ነጋዴ፤
ግራው ወረደ ብሎ ሦስት ጊዜ መለሰው።
ሦስት ጊዜ ፈታሁት፣ ሦስት ጊዜ ሰፋሁት፤
በአራተኛው ሸሚዙን አስወልቄ ትከሻውን ዳሰስኩት።
ለካ በልጅነቱ ጨው ሲሸከም ኖሮ
ግራው ወርዷል፣ አጥንቱ ተሰብሮ።
ኮቱ ምን ያድርግ? ኮቱማ ቀጥ ያለ ነው፤
የሰውየውን ወቀሳ የተሸከመው።»

ቦዲውን አስቀመጥኩት። ሻንሲውን ገለበጥኩት።
ቁጥሩ በጠፋ በአባቴ ሜትር ዳር ዳሩን ለካሁት።
ምሰሶ የሚይዘው የፊት ብረት
ወደ ግራ ዘሟል፣ የስንዴ ፍሬ ስፋት።
አንማው ጋ ደወልኩ፦ «ይኼ ነገር ወድቆ ያውቃል?»
«ከትምህርት ቤት ግንብ፣ አንዴ» አለ፤ ሳቁ ይሰማል።
ሃያ ዓመት ያን ውድቀት ይዞ ኖሯል ለካ፣
ማንም ጎንበስ ብሎ ጎኑን ሳይለካ።

ከእምሻው ብስክሌት ቤት ሞርሳ ተዋስኩኝ፣
ቀስ፣ ቀስ፣ ጥርሴን ነክሼ ብረቱን አቃናሁኝ።
የአባቴን ሳሙና፣ የልብስ መተለሚያውን፣
ጎማው ላይ አሸሁት፣ ዙሪያ ገባውን፤
ድንጋይ ላይ አውጥቼ መሪውን ሳዞረው
ነጩ ጭረት ነገረኝ የት እንደሚነካው።
እዚያች ላይ ብቻ፣ የጥፍር ጫፍ ታህል፣ ቆረጥኩ።
በጋለ ሚስማር አዲስ ቀዳዳ በሳሁ፤
ለመቆለፊያው የፀጉሬ ሽቦ ገባ።
በችኮላ የቆረጥኩት ቀኝ ግን አይመለስም፤
የጄሪካን ቁራጭ ጣፍኩበት፤ ቢጫው ከቀዩ አይገጥምም።
ይታይ አልኩ።

«አባባ፣ ገጠመ!»
እጁን ዘረጋ። በጣቱ ዳር ዳሩን ሄደበት።
«ክብሪት የምታህል ክፍተት አለችበት።»
«ልዝጋት?»
«ተያት። ክንዱን የሚያነሣባት ናት።»

በዚህ አገር ሰው ሁሉ ገጣሚ ነው ይባላል፤
የእኔም ግጥም ይኸው፣ በአራት ምሰሶ ይቆማል፤
አንድ ስንኙ ቢጫ ነው።

አንማው ከሥራ መጣ፣ ከነሸሚዙ፣ ከነክራቫቱ፤
ጭቃው ላይ ለቀቀው፤ ወያላዎች ከበቡት ከየፊቱ።
ቦዩን ዘሎ ሲያርፍ ክንዴ አብሮት ዘለለ፤
ቦዲው ተነቃንቆ ከቦታው ዋለ።
ሳይፈገፍግ ወጣ፣ ሳይፈገፍግ ወረደ፤
አንማው ሒሳቡን ሳይጠይቅ ተከትሎት ሄደ።