ቁጥር ፪፻፲፯

ከኮሌጁ ምድር ቤት፣ ከብረቱ ሣጥን ሥር፣
ናፍታሌን ናፍታሌን በሚሸት አየር፣
ደሴ ላይ ሲዘንብ ካፊያውን ሳልሰማ
ቅጠል ስመዘግብ ከጧት እስከ ጨለማ፣
አንድ ፈርን አገኘሁ፣ በክር የተሰፋ፣
ሃምሳ ዓመት ተጭኖ መልኩ ያልጠፋ።

ሰብሳቢ፦ ልሳነወርቅ ተ.
ቀን፦ ግንቦት ፲፬፣ ፲፱፻፷፭
ቦታ፦ ወሎ፣ የጎፍ፣ ከኮምቦልቻ በላይ
ከፍታ፦ ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ሜትር ገደማ
መገኛ፦ ምንጭ ዳር፣ ወይራ ሥር። ምንጩ ቀጥኗል።
የአገር ስም፦ የለም።

ከጀርባው ደግሞ በእርሳስ፣ ሊጠፋ የደረሰ፦
መሪ፣ ሙሄ።

"የለም" ይላል በቀለም፣ ቀጥ ባለ ጽሕፈት።
ማን ነበር የጠየቀ? ማንስ መለሰለት?
ጠጠሩን በስሙ የሚጠራ ሰው
ቅጠል ሲያይ ብቻ እንዴት ነው ዝም ያለው?

አበባ አልፈለግሁም፤ ፈርን አበባ የለው።
ከቅጠሉ ጀርባ፣ ዓይን በማያርፍበት፣
ዝገት መሳይ ብናኝ ተሰልፎበታል።
አንዱ ቡቃያ ግን እንደ ተጠቀለለ፣
እንደ ክታብ ሆኖ ሳይፈታ የዋለ።

የተጫነበት ጋዜጣም አብሮ ተቀምጧል።
አነበብሁት፦ የሎተሪ ዕጣ፣
የሳሙና ማስታወቂያ፣ እድፍ የምታወጣ፣
የአንድ ክቡር ሰው ልደት፣
የጉግስ ውጤት።
ስለ ወሎ አንድ መስመር የለም።
ወረቀቱ ሥራው ማድረቅ ነበር፤ አደረቀ፤
ከዳር እስከ ዳር ግን ድርቅ የሚል ቃል አላወቀ።

ቅዳሜ ወጣሁ። ባጃጅ እስከ ኬላው፣ ከዚያ በእግር።
ወይራው ጉቶ ሆኗል። ምንጩ ሲሚንቶ ለብሷል።
ጄሪካን የደረደሩ ሴትዮ አገኘሁ፤
"ሙሄን? አባቴን?" አሉኝ፤ ስማቸው መሬማ፤
ስልኬን አርቀው፣ አቅርበው፣ ፎቶውን አዩት።

"እንዴ! ውሃ-ነጋሪ አይደለም ወይ ይኸ?
ከብት አይግጠው፣ ለሕመም አይበጅ፤
እሱ ካለበት ግን ውሃ አለ፣ አንቺ ልጅ።
በዚያ ዓመት የታችኛው ነጠፈ፣ የመካከለኛው ነጠፈ፤
አባቴ ይኸን እየተከተለ ነው ገደል ለገደል የከረመ።
መምህሩ ከኋላ ከኋላው፣ ደብተሩን አቅፎ።
ያ ቅጠል ሲፈልግ፣ ይኸ ውሃ ሲሻ
አንድ ድንጋይ ላይ ተገናኙ በመጨረሻ።"

ጄሪካኑን አቃኑና ዝም አሉ። ቆይተው፦

"ስሙን ጠይቆት ነበር፣ አባቴ ሲያወራ።
እሱ ግን ጎንበስ ብሎ ይጠጣ ነበር፤
አፉ ውሃ ሞልቶ ምን ብሎ ይናገር?"

ከዚያ ሳቁ። በጣታቸው አሳዩኝ፦
ከሲሚንቶው ጀርባ፣ ቧንቧው በሚያፈስበት፣
ሦስት ቅጠል። "ውሃ ልማት እንኳ አያውቀው፤
የት እንደሚያንጠባጥብ የሚያሳብቅ እሱ ነው።"
አልቀጠፍሁም።

ሰኞ፣ ኮምፒዩተሩ ፊት።
"የለም" የሚለውን ደመሰስሁ፤ ስሙን ጻፍሁ።
መሪ የሚል ሣጥን ቅጹ ላይ አጣሁ።
ሰብሳቢ አለ፤ ለዪ አለ፤ መዝጋቢ አለ፣ እኔ።
ከታች፣ ለመጻሕፍት የተተወ፣
ደራሲና ዘመን የሚሞላበት አንድ ጠባብ ቦታ፦
ምንጭ፣ ይላል።
ሙሄ ይማም፣ አልሁ።
ዓመተ ምሕረት ጠየቀኝ።
ስልሳ አምስት።