የቀለበት ቀለም

ቱሉ ዲምቱ፣ አዲሱ ኮንዶሚኒየም፣ ብሎክ ሰባ አራት፣
ከደረጃው ሥር፣ ሱቄ ሁለት ሜትር በሦስት ናት፤
«ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥን፣ ስልክ፣ ሁሉ ይሠራል» የምትል ታፔላ፣
«ሁሉ»ን ዝናብ አጥቦት የቀረው ሌላ።

ሌሊሴ ከትምህርት ስትመለስ፣ ቦርሳዋን ሳታወርድ ትጠይቃለች፤
የተበተነውን ከቆርቆሮ ክዳን እየለቀመች።
«ይሄ ምንድን ነው?»
«ሬዚስተር።»
«በአማርኛስ?»
«ተቃዋሚ» አልኳት፤
ወደ በሩ ዞረች፤ ሰው የሰማን መሰላት።
ሳቄ አመለጠኝ። «ይሄኛው አይታሰርም፤
መንገድ ላይ ቆሞ ‹ቀስ በል› ከማለት በቀር ሥራ የለውም።»

ጅረት ጎረምሳ ነው፤ ያለ ገላጋይ ከለቀቁት
አንዲት ቀይ መብራት ያጠፋል በቅጽበት።
አሥራ ሁለት ቮልት አለን፤ ሁለቱን እሷ ትብላ፣
አሥሩን ይሸከምልን ይሄ ሚጢጢ ባቄላ።
ለሃያ ሚሊአምፔር፣ አምስት መቶ ኦም ይላል ስሌቱ፤
አምስት መቶ ስልሳ ነው የተገኘው በቤቱ።
ትንሽ ትደበዝዛለች እንጂ
አትሞትም።

ቀለሙን አስቆጠርኳት፦ ጥቁር ባዶ፣ ቡኒ አንድ፣ ቀይ ሁለት…
«ዳር ያለው ወርቃማስ?»
«እሱ ኑዛዜ ነው።
‹በመቶ አምስት ልሳሳት እችላለሁ› ማለቱ ነው።
ብር ካሰረ አሥር፤ ምንም ካላሰረ ሃያ።»
ባዶ ጣቴን አየች፤ ምንም አላለች ከዚያ።

ወይዘሮ ዝናሽ የመጡት በሐምሌ ጭቃ ነው፣ በላስቲክ ቦቲ፣
የድሮ ቴሌቪዥን ሳጥን ለልጃቸው አሸክመው።
«እንቁላል ይፈልፈልበት፤ ስልሳ ይይዛል፤
የተሠራ ማሽን እንደሁ ዋጋው ዐይን ያወጣል።»
አምፖሎች ገጠምኩ፣ ማራገቢያ ከሞተ ኮምፒውተር፣
ሙቀት የሚያውቅ ቴርሚስተር፣ እንደ ምስር ፍሬ፣ ጥቁር፤
ሲሞቀው ተቃውሞው ይረግባል፣ ሲበርደው ይጸናል፤
በሠላሳ ሰባት ተኩል ዲግሪ
አምስት ሺ ስምንት መቶ ገደማ ይሆናል።

ከሱ ትይዩ የሚቆም አቻ አስፈለገኝ።
ካሮጌ ራዲዮ ሆድ ነቀልኩ፦ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ፤
አምስት ሺ ስድስት መቶ።
የጎደለችውን ሁለት መቶ በፖቴንሺዮሜትር ሞላሁ።
ቀለሙን አነበብኩ።
አልለካሁም።
ዝናሽ «ቴርሞሜትርስ?» ሲሉኝ
«ለምን ብለው!» ያልኩት እኔ ነኝ።

ሃያ አንድ ቀን። ሃያ ሁለት። ሃያ አምስት። ዝም።
አንዱን ሰበርነው፤ ሽታው ለሳምንት ከብሎኩ አልወጣም።

ሚተሩን ያኔ አነሳሁ፦ ስድስት ሺ ዘጠኝ መቶ።
ላዩ ያው አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ፤ ወርቁም አለ፤
ውስጡ ግን የስንት ዓመት ሙቀት በልቶት ሌላ ሆኗል።
ሳጥኔ የሞቀ መስሎኝ
ለካ በሠላሳ ሦስት ዲግሪ ሲያንቀላፋ ከርሟል።
«የእንቁላሉን ልክፈል» አልኳቸው።
«ገንዘቡን ተይው፤ ለክተሽ ሥሪው።»

ከመርካቶ ሰማያዊውን አመጣሁ፣ ሜታል ፊልሙን፣ በመቶ አንድ የሚስት፤
ሌሊሴ ለካችው፣ ደገመችው፣ በደብተሯ መዘገበችው፤
ከአምፖሉ አርቀን በየድው።

በአሥራ ስምንተኛው ሌሊት መብራት ሄደ፤
ከኮዬ እስከ አቃቂ ድቅድቅ።
ዝናሽ በሌሊት ልብሳቸው ወርደው ሳጥኑን በጋቢ ጠቀለሉ፤
እኔ ቶሎሳን ቀሰቀስኩና የሚኒባሱን ባትሪ ተበደርኩ።
ሲነጋ መኪናው አልነሳም አለ፤
አራት ሰው ገፋነው፣ እስከ አስፋልቱ ድረስ፣
ቶሎሳ መሪውን ይዞ እየተራገመ።

ሃምሳ አንድ ጫጩት።
ዘጠኙ በቅርፊታቸው ቀሩ።
ሌሊሴ እርሳሷን ነክሳ አሰላች፦
«በመቶ አሥራ አምስት ስሕተት። ለዚህ ቀለበት የለውም፤
ከብር ወዲያ ነው፣ ከባዶ ወዲህ።»
እጄን ከኪሴ አወጣሁ፤
አንዷን፣ ገና እርጥቧን፣ መዳፌ ላይ አኖረችልኝ።
ስንት ዲግሪ ትሆን?
ይህን ብቻ አልለካሁም።