እጢ

ዘጠኝ ተኩል ሲሆን ጎተንበርግ ጨለመች፤
የውብዳር ካፖርቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች።
ወንበሬ ከመኻል፣ ያስተርጓሚ ወንበር፣
የሁለት ሰው ምላስ፣ የራሴ ቃል ሳይኖር።

ሐኪሟ ጠየቀች፣ «የወር አበባሽ መቼ?»
እኔም ጠየቅኋት ዐይኔን መሬት ትቼ።
«ከፋሲካ ወዲህ አላየሁም» አለች።
«ወተትስ?»
             ጓንቷን አጥፋ ዘረጋች።

«ጠብ ይላል» አለችኝ፣ ለእኔ ብቻ ይመስል፣
«ሸሚዜን ያርሰዋል ሳህን ስቀበል።
ወልጄ አላውቅም እኮ። አብራኝ የምታድረው
አንድ ሌሊት አይታ ‹ልጁን የት ጣልሽው?›
ብላ ጠየቀችኝ።»

ይህችን ለመተርጎም ጥቂት ዝም አልኩኝ፤
በሰዓት ነው ክፍያዬ፣ የዝምታም አለኝ።

ሐኪሟ በወረቀት የሰው ራስ ሣለች፣
ከዐይን ኋላ፣ ከሥር፣ አንድ ነጥብ ጣለች፤
አተር የምታህል። ስሟን ስፈልገው
አፌ ላይ የመጣው «እጢ» የሚል ቃል ነው።

«እጢ አለኝ?»
             ፊቷ ላይ ደም የሚባል ጠፋ።
«ኧረ ሁሉም አለው! እኔም አለኝ!» ለፋ
አንደበቴ። «ይቺን ፈጣሪ ነው የሠራት።
ችግሩ . . . እጢዋ ላይ እጢ በቅሎባት።»

ሰማችኝና ሳቀች፤ እንባ ያዘለ ሳቅ።
አካልና ሕመም ለይቶ የማያውቅ
ቋንቋ ነው የሰጠኋት።

ሐኪሟ ቀጠለች፤ እኔም ተከተልኩ።
የውሸት አዋጅ ነጋሪ ናት ይቺ አተር፤
«ሕፃን መጥቷል፣ አጥቡ!» ስትል ውላ ስታድር
ጡት ምን ያድርግ? ታዞ። ማኅፀንም አምኖ
ደጁን ዘጋ፣ ቤቱ ጭር እንዳለ ሆኖ።

ግማሽ ክኒን ማክሰኞ፣ ግማሽ ክኒን ዓርብ።
ከእራት በኋላ። ያቅለሸልሻል። ስትነሺ ቀስ።
ዓመት፣ ሁለት ዓመት፤ ደም እየሰጡ መመላለስ።
አተሯ ምስር ትሆናለች፤ ምናልባትም ምንም።

ትራሙን ስንጠብቅ፣ ከፌርማታው ጣሪያ ሥር፣
«ብዕር አለህ?» አለች።
«ለዚያች ሴት ጻፍልኝ፤ በአፌ አልችላትም።»
ደንቡ አይፈቅድልኝም። እምቢ ግን አላልኳትም፤
በደረሰኝ ጀርባ እንዲህ ብዬ ጻፍኩኝ፦
«ልጅ የለም። ወተቱ ተሳስቶ የመጣ ነው።»

በመንገዱ መብራት ሁለት ጊዜ አነበበችው።
«‹ተሳስቶ› የሚለውን ሰርዝልኝ» አለች፤
«እሱስ የታዘዘውን ነው።»