የዶሎሪንዳ ድንጋይ

ሐሙስ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ውርጭ ወርዶ ከቺምቦራሶ፣
የመኪናዬን መስታወት አገኘሁት ነጭ ለብሶ።
ሦስቴ ሳለች፣ አንዴ ሰደበችኝ፣ ከዚያ ሞተሯ ተነሳች፤
ዶሎሪንዳ ግን ቀድማኝ፣ ፋኖስ ይዛ ደጅ ቆማለች።

አርባ ቅርጫት ደርድራለች፣ አርባ ስም በእርሳስ ጽፋ፣
ለኪቶ አርባ ምድጃ፣ ድንቹ ላይ ቅጠል አንጥፋ፤
ባቄላው ከነልብሱ ነው፤ ካሮቱ እግሩን አነባብሮ፣
ገበያ የማይወደው ጠማማ፣ ከጭቃው ጋር ተማክሮ።

ገንዘቡ ቀድሞ የመጣው፣ ዘሩ አፈር ሳይቀምስ ገና፤
ቢያፈራ እኩል ሊካፈሉ፣ ውርጭ ቢበላው ሊከስሩ፣ ተባለና።
እኔ አላመንኩም ነበር። የከተማ ሰው የሚወደው
ታጥቦ ያበራ፣ አንድ ልክ፣ ላስቲክ ውስጥ የተኛውን ነው።

ያኔም ሾፌር ነበርኩ፤ ለዶን ሊዛርዶ፣ ለደላላው።
(ልሸሽገው ብል መንደሩ ያውቃል፤ ምን ላድርገው?)
ሚዛኑን እኔ ነበርኩ ከመኪና የማወርደው፣
ከሥሩ ያለችውን ሽቦ የማጠብቀው፣ የማላላው።
አሥራ ሁለት ኪሎ ድንች፣ ዘጠኝ ይሆናል በኛ ቤት፤
«ዘንድሮ ድንቹ ውሃ ነው» ይላል ሊዛርዶ፣ ሲጠይቁት።
ዶሎሪንዳ ሰምታ ዝም፤ ሳንቲሟን ትቆጥራለች፣
በመቀነቷ ጫፍ ቋጥራ፣ ወደ ላሟ ትመለሳለች።
እኔም ጎማዬን ረገጥ ረገጥ፣ ወደ ሰማይ ቀና፤
ሆድ ስንቱን ይችላል ጎበዝ፣ ደሞዝ ገብቶበታልና!

የዛሬ ሦስት ዓመት ውርጩ በአንድ ሌሊት አጨደን፤
አርባውን ቅርጫት፣ ጎመንና ሽንኩርት ብቻ ይዘን ወረድን።
አንዷ «ገንዘቤን!» አለች፣ በሩን ሳትከፍት፣ ከነሰንሰለት፤
ዘጠኝ ቤት ወጣ ከመዝገብ፣ ዘጠኝ ስም፣ በአንድ ሰንበት።
አምስተኛ ፎቅ ያሉት ሴኞር አቤላርዶ፣ ጡረተኛው፣
ጎመኗን አገላብጠው፣
«በረዶ ቀምሳለች» አሉ፣ «ትጣፍጣለች፤ አስገባው።»
ባዶ የእንቁላል ካርቶን፣ በገመድ ጠርዘው ሰጡኝ፤
«ለዶሮዎቿ ሰላምታ» ብለው፣ እስከ ደረጃው ሸኙኝ።
አርባው ዳግመኛ አርባ እስኪሆን፣ ሁለት ዓመት ፈጀ፤
ልጇ ለቀን ሥራ ወጥቶ፣ ጓያኪል ወደብ ላይ አረጀ።

ዛሬ ጭነን ስንጨርስ፣ ቆይ አለችኝ በእጇ፤
ድንጋይ አቅፋ ብቅ አለች፣ የወንዝ፣ ክብ፣ ከደጇ።
አዲሱ ሚዛን ላይ ጣለችው። መርፌው ዞረ፣ ተንቀጠቀጠ፣
አሥራ ሁለት ላይ ሲደርስ፣ እንደ ደከመ ሰው ተቀመጠ።

«ልጄን ሊመዝኑ ክሊኒክ የጠሩኝ ጊዜ፣ ድሮ፣
እሱን አዝዬ፣ ይህን ደግሞ በአህያ፣ በጆንያ ታስሮ፣
ይዤ ሄድኩ። ነርሷ ስቃ መዘነችው። አሥራ ሁለት። ያዝኩት በልቤ።
በማግስቱ እናንተ ሚዛን፣ በጆንያ ሸፍኜው ቀርቤ፣
ዘጠኝ።»

አሥር ዓመት። ታውቅ ነበር።
«ታዲያ ለምን ሸጥሽልን?» አልኳት፣ አንገቴን ሰብሬ ስፈራ፤
«መቼ ሌላ መኪና ወጣ፣ ያን ጊዜ ወደዚህ ተራራ?»

«አንተን ጠርጥሬ አይደለም» አለች፣ ድንጋዩን አቅፋ ስትገባ፣
«ሚዛንም እንደ ሰው ነው፤ በየሐሙሱ ንስሐ ይግባ።»

ወረድኩ። ጭጋጉ ወፍራም ነው፤ ከኋላ ቅርጫቱ ይንሾካሾካል፤
አምስተኛ ፎቅ፣ «ዶሮዎቹስ?» የሚል ሰው ይጠብቀኛል።
መሪ በያዘች ጣቴ ላይ ግን ያቺ ሽቦ
ገና አለች።