ጆሮ ጠቢ

ሽምብጥ፣ ከሐይቁ ዳር፣ ከጠበበች ጓዳ፣
ከኮምፒውተሬ ገባ ያልጠራሁት እንግዳ።
"ጆሮ ጠቢ ነው" ሲሉኝ ሳቅሁ፤ ከኔ ምን ሊጠባ?
የጡረታ ደብዳቤ? የቀረሶ ዋጋ?
ቢሆንም፣ የካሜራውን ዓይን
በቁስል ፕላስተር ሸፈንሁት።

ምንይችል መጣ፤ ጎንበስ ብሎ አየና፦
"ጋሼ፣ እንደ እምቦጭ ነው፤ አናቱን ብናጭድ ከሥር ያቆጠቁጣል፤
ሙልጭ አድርገን እናጥፋው፤ ሌላው ምን ያዋጣል?"

"እሺ" ልል ስል የፈንታነሽ ሳቅ ትዝ አለኝ፤
ከዘጌ ስንመለስ ጀልባ ላይ የቀዳሁት፣
ከእሷ የተረፈኝ።

"ተበልቷል" አለ፣ አንገቱን ደፍቶ፤
"ሰላዩ ጋ ግን አለ፤ ወስዶታል ቀድሞ ቀድቶ።"

አጥፋው አልሁ። ጠፋ።

ማታ፣ ታንኳው ሲታሰር፣ ሐይቁ ሲጠቁር፣
የማላውቅህ ሌባ፣ በማላውቀው አገር፣
ስትስቅ ትሰማታለህ?
ተለመነኝ፤
የኔን ሁሉ አጥፋ፣ እሷን አታጥፋብኝ።