ግማሽ የተባለው

የጎማ ልብሴን ለበስኩ፣ ዚፑን እስከ ማጅራቴ፤
የሃምሳ ደቂቃ አየር ከነጋኑ፣ እሱ ነው የዛሬ ሀብቴ።
ወገቤ ላይ እርሳስ፣ አራት ኪሎ ሙሉ፤
ባሕር ደጁን አይከፍትም፣ ቀለው ለሚመጡ ሁሉ።

ከማዶ የአቃባ ተራራ ገና ቀይ ነው፣ ፍም ይመስላል፤
ኤላት አልነቃችም፤ አንድ ድመት ብቻ መረብ ያሸታል።
ኮራሉን ተውኩት ዛሬ፤ ቀለማም ነው፣ እንግዳው ብዙ፣
ባለካሜራው፣ ጀማሪው፣ እዚያ ነው ጓዙ።
እኔ ወደ አሸዋው፣ ምንም ወደሌለበት፣
አስጎብኚ እንኳ ፊቱን ወደማያዞርበት።

አሥራ ሁለት ሜትር። ድምፅ የለም ከትንፋሼ በቀር፤
ወናፍ ነው፣ ያባቴ ወናፍ፣ ማረሻ ያግል የነበር።
ከዚያ አሸዋው ተነፈሰ፣ አንድ ስንዝር ቦታ፣ በቀስታ፤
ሁለት ዓይን ብቅ አሉ፣ ተጠጋግተው፣ እንደ መንታ።
ዝንጉርጉር ነው፤ ቡናማ ቀለበት በገረጣ ገላ ላይ፣
ጠርዙ እንደ ነጠላ ዘርፍ ይርገበገባል ሲታይ።

የሙሴ ዓሣ ይሉታል። ዜቩሉን፣ ጋን የሚሞላው ሽማግሌ፣
ይተርከዋል ለእንግዳ፤ እውነት እንጂ አይልም ምሳሌ፦
ሙሴ በትሩን ሲያነሣ፣ ባሕሩ ሲቆም ግራና ቀኝ፣
ይህ ዓሣ መሐል ነበረ፤ «ዞር በል» ያላሉት ምስኪን ሞኝ፤
ግማሹ ወደዚያ ሄደ፣ ግማሹ ወደዚህ ቀረ፤
አንድ ጎኑ ሥዕል ያዘ፣ የተቆረጠው ነጭ ሆኖ ኖረ።

አንድ ማታ ነገርኩት ላባቴ፣ ላይርዳው፣ ለአንጥረኛው፣
እዚህ ሆቴል ድስት ሲፈትግ ወገቡ ለጎበጠው።
መጀመሪያ የጠየቀኝ፦ «ቅርፊት አለው? ክንፍስ?»
«አለው፤ ግን እንደ ወተት ያለ መርዝ ይረጫል፣ ሻርክ አፉን ከፍቶ እስኪመለስ።»
ሳቀ። «ሙሴ መቼም ለፍጥረት ያዝናል፤
ሳያየው ቢቆርጠው ነው፣ መርዙን ካሳ ሰጥቶታል።»

ከዚያ ዝም አለ። ብረት የሚያውቅ ሰው ዝምታ አለው፣
የት ላይ እንደሚሰነጠቅ ከመምታቱ በፊት የሚያየው።
«ልጄ፣ የተቆረጠ ነገር ጠርዙ ይፋጃል፣ ያደማል፤
ይህ ግን ዘርፍ አለው ብለሻል። ሙሉ ነው፤ በጎኑ ተኝቶ ይሆናል።»

መጽሐፍ ገልጬ አየሁ፤ አንጥረኛው ልክ ነበረ።
ሲፈለፈል ቀጥ ብሎ ነው የሚዋኝ፣ እንደሌላው ዓሣ እየተሽከረከረ፤
አንድ ዓይን ግራ፣ አንድ ዓይን ቀኝ። ታዲያ አንድ ቀን አንዱ ቤቱን ይለቃል፣
በግንባሩ ዞሮ፣ አጥንት ገፍቶ፣ ወደ ወንድሙ ይሄዳል።
ማንም አልቆረጠውም። አንድ ዓይኑ ተሰደደ፤
ገላው ተከትሎት ወደ ጎን ወደቀ፣ አሸዋ ለመደ።

(ታላቅ እህቴ እናንዬ ነበረች የኛ ቤት ዓይን፤
በሱዳን በኩል ቀደመች። ሰባት ዓመት ቆይተን ተከተልናት፣ በጎን ወድቀን።)

ዜቩሉን ግን አልተቀበለኝም፤ «ተረቴን ተዪልኝ» አለ፤
«ማን ለአጥንት ገንዘብ ይከፍላል?» ጋኑን መሙላት ቀጠለ።

አሁን መለኪያዬ ሃምሳ ላይ ነው፤ አየሬን ጨረስኩ፤
እሱ ዘርፉን አንዴ አራግቦ አሸዋ ለበሰ፤ እያየሁት ፈለግኩ።

ዳር ላይ አባቴ፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ፤
ባሕርን ከጉልበቱ በላይ አምኖት አያውቅም፣ «ደግሞ ቢዘጋስ» ብሎ።

«አየሽው?»
«አየኝ።»
«በሁለቱም?»
ጭንብሌን አወለቅኩ፣ ውኃው ባፍንጫዬ ወረደ።
«በሁለቱም።»